በሩቅ አገር የሚነሣ ጠብና የንግድ ማዕቀብ በአንበሳሜ እርሻ ላይ ስለሚያመጣው ነገር

በደራ ወረዳ ያለው ገበሬ ጤፉን የሚዘራው በሐምሌ ነው፤ በቆሎውንና ዳጉሳውን ግን ዝናሙ እንደ ያዘ ከዚያ አስቀድሞ ይዘራል። በጣና ዳር ያለው የሩዝ ሜዳም ውሃ ሳይተኛበት በሰኔ መዘራት አለበት። ይህ የዘር ጊዜ በማናቸውም መንግሥት አዋጅ የሚራዘም አይደለም። የማዳበሪያው ከረጢት ግን አንበሳሜ ከተማ ደርሶ እስኪራገፍ ድረስ ብዙ መንግሥታትና ብዙ ባንኮች ያሉበትን ረዥም መንገድ ይጓዛል። ከነዚህም አንዱ በጠብ ምክንያት ቢከለከል ወይም ራሱ ፈርቶ ቢቆም፥ ጠቡን ከቶ ያልሰማው አራሽ ዘሩን ያለ ማዳበሪያ ይጥላል። ስለዚህ የንግድ ማዕቀብ የሚባለው ነገር የአምባሳደሮችና የታላላቅ ነጋዶች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ለወረዳ ሹምና ለመሬት ባለይዞታም የቅርብ ነገር ነው።

አንበሳሜ የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው በምዕራብ ጣናን፥ በደቡብ ዓባይን ይዋሰናል፤ በሰሜን ፎገራ፥ በምሥራቅ እስቴ ይገኛሉ። ውሃ እንደዚህ የከበበው አገር ከባሕር ወደብ ግን እጅግ የራቀ ነው። ዩሪያና ኤን ፒ ኤስ የሚባሉት ማዳበሪያዎች ከባሕር ማዶ ተገዝተው በጅቡቲ ይራገፋሉ፤ ከዚያም ወደ መኻል አገር ገብተው በባሕር ዳር በኩል ወደ ዩኒየኑ፥ ከዩኒየኑም ወደ ቀበሌው መሠረታዊ ማኅበር ይደርሳሉ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋራ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ አሰብና ምጽዋ ለኢትዮጵያ ንግድ ስለ ተዘጉ፥ ከአገሪቱ የውጭ ንግድ ከመቶው ከዘጠና የሚበልጠው በዚሁ በአንድ በር የሚያልፍ ሆነ። አንድ በር ብቻ ያለው ቤት ደግሞ በደጁ የሚነሣውን ግርግር ሁሉ እንደሚሰማ ግልጽ ነው።

ማዕቀብ የሚለው ቃል ዐቀበ፥ ይኸውም ጠበቀ ከሚለው ግዕዝ የወጣ ነው። በንግድ ነገር ሲነገር አንድ መንግሥት ወይም ብዙ መንግሥታት ተባብረው የጠላታቸውን ዕቃ እንዳይገዙ፥ ለእርሱም እንዳይሸጡ፥ ገንዘቡም በባንኮቻቸው እንዳያልፍ የሚያደርጉት ክልከላ ነው። ጥይት ሳይተኮስ የሚደረግ ውጊያ ነው ብለው የሚያመሰግኑት አሉ። ነገር ግን ክልከላው የሚጎዳው የተጻፈበትን ብቻ አይደለም፤ ከተከልካዩ ጋራ በአንድ ገበያ የሚውለውንም ይነካል። ከዚህም ሌላ፥ ከዚህ በታች እንደሚታየው፥ ለአንድ ዕቃ ነፃ ፈቃድ ቢሰጥ እንኳ ፈቃዱ ከጊዜው በኋላ ሲመጣ ከክልከላ የማይሻልበት ጊዜ አለ።

ኢትዮጵያ ይህን ነገር የምታውቀው ከቀድሞ ጀምሮ ነው። በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ኢጣሊያ ጦሯን በባሕር ላይ ስታሻግር፥ የእንግሊዝ መንግሥት ለኢጣሊያም ለኢትዮጵያም የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ ፈቃድ ከለከለ። በነሐሴም መጨረሻ የአሜሪካ ምክር ቤት የገለልተኝነት ሕግ አወጣ፤ ይህም ሕግ አጥቂውንና ተጠቂውን ሳይለይ መሣሪያ እንዳይላክ የሚያግድ ነበረ። በቃሉ ሲታይ ክልከላው ለሁለቱም እኩል ነው። በሥራው ግን ኢጣሊያ መድፉንና አውሮፕላኑን በራሷ ፋብሪካ የምትሠራ ስትሆን፥ ኢትዮጵያ ጠመንጃዋን ከውጭ ገዝታ በሰው ወደብ የምታስገባ ነበረች። ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ የመንግሥታት ማኅበር በኢትዮጵያ ላይ የነበረው የመሣሪያ እገዳ እንዲነሣ ወሰነ፤ ነገር ግን ጠላት ድንበር ከተሻገረ በኋላ የተሰጠ ፈቃድ ነበረና፥ ተገዝቶ፥ በመርከብ ተጭኖ፥ በባቡር ተጉዞ እስኪደርስ ወራቱ አለፉ።

በኢጣሊያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ ኅዳር 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። 50 ያህል መንግሥታት ተባበሩበት። የተከለከሉት ዕቃዎች ዝርዝር ዛሬም ቢነበብ የሚያስገርም ነው፤ ጎማ፥ የብረት ማዕድንና ቆርቆሮ ተከለከሉ፤ ፈረስ፥ በቅሎ፥ አህያና ግመል ሳይቀሩ ለኢጣሊያ እንዳይሸጡ ታዘዘ። ዋናው ነገር ነዳጅ ግን ከዝርዝሩ ውጭ ቀረ። የድንጋይ ከሰልም እንደዚሁ። የስዌዝ ቦይ ስላልተዘጋ የኢጣሊያ መርከቦች ቀረጣቸውን እየከፈሉ ወታደርና መርዝ ጭነው አለፉ። በቅሎ ተከልክሎ የካሚዮን ቤንዚን የሚፈቀድበት ማዕቀብ ለምን እንደ ተጻፈ ለማወቅ ብዙ ምርምር አያስፈልግም፤ ከከልካዮቹ ታላላቆቹ ኢጣሊያን ለማስቈጣት አልፈለጉም። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ቀርበው አቤቱታቸውን ካሰሙ ከጥቂት ቀን በኋላ፥ ሐምሌ 8 ቀን፥ ማዕቀቡ ተነሣ።

ይህ የቆየ ታሪክ እዚህ መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያን ጊዜ የታዩት ሁለት ነገሮች፥ ማለት በቃሉ እኩል የሆነው ክልከላ ወደብ በሌለው ላይ የሚከብድ መሆኑና ፈቃዱ ከጊዜው በኋላ የሚመጣ መሆኑ፥ ከ86 ዓመት በኋላ በማዳበሪያ ንግድ እንደ ገና ታይተዋል።

የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ሩሲያ በዩክሬን ላይ ጦሯን አዘመተች። ሩሲያ በዚያን ጊዜ ከዓለም አንደኛ የናይትሮጅን ማዳበሪያ ላኪ ነበረች፤ በፖታሽም ከቀዳሚዎቹ አንዷ ነበረች። ጎረቤቷ ቤላሩስም ታላቅ የፖታሽ ሻጭ ስትሆን፥ አስቀድሞ በአሜሪካና በአውሮፓ ኅብረት ማዕቀብ ተጥሎባት፥ ሊቱዌኒያም ከጥር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ፖታሹ በምድር ባቡሯ እንዳያልፍ ከልክላ ነበር። ቻይና ደግሞ ለራሷ ገበሬ እንዳያንስ በማለት ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ውጭ በሚላክ ማዳበሪያ ላይ ጥብቅ ምርመራ አደረገች። ዩሪያ የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ስለ ሆነ፥ የጋዙ ዋጋ ሲወጣ በአውሮፓ ያሉት ፋብሪካዎች ሥራቸውን ቀነሱ። በ2012 ዓ.ም. አንዱ ቶን 230 ዶላር ያህል ይሸጥ የነበረው ዩሪያ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ከ900 ዶላር በላይ ሆነ።

ኢትዮጵያ ፎስፌት ያለበትን ማዳበሪያ በብዛት የምትገዛው ከሞሮኮ እንጂ ከሩሲያ አይደለም። ታዲያ ማዕቀቡ የማይመለከታት ለምን ተጎዳች? ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቀድሞ ከሩሲያና ከቤላሩስ ይገዙ የነበሩት ታላላቅ ገበያተኞች ፊታቸውን ወደ ሌላው ሻጭ ስላዞሩ፥ ኢትዮጵያ ከእነርሱ ጋራ በአንድ ደጅ ቆማ መጫረት ግድ ሆነባት። መንግሥት ከዋጋው ከፊሉን ራሱ ቢሸከምም፥ ገበሬው የከፈለው ካለፈው ዓመት ጋራ ሲመዛዘን ከእጥፍ በላይ ነበረ።

የማዕቀብ አሠራር እንዴት ወደ ባንክ ቤት ጠረጴዛ እንደሚወርድ ለማያውቀው ሰው ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን በጨረታ ገዝቶ፥ የውጭ ምንዛሪ ተፈቅዶለት፥ በአገር ውስጥ ባንክ የክፍያ መተማመኛ ሰነድ ይከፈታል። ይህን ሰነድ በውጭ አገር ያለ ሌላ ባንክ ሊቀበለው ይገባል። ያ ባንክ የሻጩን ስም፥ የመርከቡንና የባለመርከቡን ስም፥ የኢንሹራንሱን ኩባንያ፥ የመጫኛውንም ወደብ ከተከለከሉት ስሞች ዝርዝር ጋራ አንድ በአንድ ያስተያያል። በአሜሪካ ደንብ፥ ስሙ በዝርዝሩ ያልተጻፈ ኩባንያ እንኳ ከሀብቱ ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ የተከለከለ ሰው ከሆነ እንደ ተከለከለ ይቈጠራል። ስለዚህ ባንኩ ከዝርዝሩ አልፎ የኩባንያውን ባለቤት፥ የባለቤቱንም ዘመድ ይመረምራል። ዶላር የሚከፈልበት ሥራ አብዛኛውን ጊዜ በአሜሪካ ባንኮች በኩል ስለሚያልፍ፥ ከሳሹም ፈራጁም በሩቅ ነው። በስሕተት ቢያሳልፍ ታላቅ ቅጣት የሚጠብቀው ባንክ፥ ጥቂት ጥርጣሬ ባየ ጊዜ የተፈቀደውን ሥራ እንኳ ትቶ መቀመጥን ይመርጣል። ጸሐፊው ባንክ ገበሬውን አያየውም፤ የሚያየው ቅጣቱን ነው።

ይህ ፍርሃት ምን እንዳደረገ ከዚያው ዓመት ሥራ መረዳት ይቻላል። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. የአሜሪካ ግምጃ ቤት ማዳበሪያን ጨምሮ የእርሻ ዕቃ ንግድ ከማዕቀቡ ነፃ መሆኑን በፈቃድ አስታወቀ። ነገር ግን የአውሮፓ ኅብረት በግንቦት 26 ቀን 2014 ዓ.ም. በወሰነው ውሳኔ የሩሲያ የእርሻ ባንክ ከዓለም የባንኮች መላላኪያ ከስዊፍት እንዲወጣ አደረገ። ዕቃውን መግዛት ተፈቀደ፤ ገንዘቡን የሚቀበለው ባንክ ግን በሩ ተዘጋበት ማለት ነው። ኡራልኬም የሚባለው የሩሲያ ኩባንያ ባለቤት ዲሚትሪ ማዜፒን በአውሮፓ ዝርዝር ስሙ ስለ ተጻፈ፥ በላትቪያ፥ በኤስቶኒያ፥ በቤልጂክና በሆላንድ ወደቦች የነበረው ከ260,000 ቶን የማያንስ ማዳበሪያ ታግዶ ቀረ። ኩባንያው ማዳበሪያውን ለአፍሪካ በነፃ እሰጣለሁ ቢልም፥ በተባበሩት መንግሥታት አማላጅነት የመጀመሪያው 20,000 ቶን ከሆላንድ የተነሣው ኅዳር 20 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። የሚሄደው ወደ ማላዊ ነበረ። ማላዊም እንደ ኢትዮጵያ ወደብ የላትምና በሞዛምቢክ በኩል በቤይራ መግባት ነበረበት፤ ለማላዊ መንግሥት የተሰጠው በየካቲት 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ሆነ። በማላዊ ዘር የሚዘራው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ገንዘብ ያልተከፈለበት፥ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ያማለደው ማዳበሪያ ከዘር በኋላ ደረሰ።

ለእህል ግን ነገሩ ትንሽ ቀንቶ ነበር። ሐምሌ 15 ቀን 2014 ዓ.ም. በኢስታንቡል በተደረገው ስምምነት የዩክሬን እህል በጥቁር ባሕር እንዲወጣ ተፈቀደ፤ ብሬቭ ኮማንደር የምትባል መርከብም 23,000 ቶን ስንዴ ለኢትዮጵያ ርዳታ ጭና ነሐሴ 24 ቀን ጅቡቲ ደረሰች። ይህም ስምምነት ዓመት ሳይሞላው ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ቆመ።

በዚያው በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ሲሉ እስከ ባሕር ዳር መጥተው አቤት ብለዋል። ለዚህ ጉድለት የሩቁን ጦርነት ብቻ ምክንያት ማድረግ ግን ከእውነት የራቀ ነው። በዚያን ጊዜ የዓለሙ ዋጋ ካለፈው ዓመት እጅግ ወርዶ ነበርና። ግዢው ሲዘገይ፥ ማጓጓዣው ሲያጥር፥ ከረጢቱም ከማኅበሩ መጋዘን ወደ ነጋዴ ቤት ሲሾልክ የሚደርሰው ጉዳት ከማዕቀብ ጉዳት ጋራ አንድ መልክ አለው፤ ገበሬው ሁለቱን የሚለይበት መንገድ የለውም። ሹም ግን መለየት አለበት። ከውጭ የመጣውን ችግር ከአገር ውስጥ ጉድለት ጋራ ቀላቅሎ በሪፖርት የሚጽፍ ሹም የመጀመሪያውን አያቃልልም፥ ሁለተኛውንም ይሸሽጋል። ከዚያ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ የማዳበሪያው ጉዞ ይበልጡን ከባድ ሆነ።

በ2016 ዓ.ም. ጠቡ ወደ ቀይ ባሕር ቀረበ። ሁቲ የሚባሉት የየመን ታጣቂዎች ከኅዳር ጀምሮ በባብ ኤል መንደብ የሚያልፉትን የንግድ መርከቦች መውጋት ያዙ። የካቲት 10 ቀን ሩቢማር የምትባል መርከብ በሚሳይል ተመታች፤ ውሃ ላይ ስትንሳፈፍ ቆይታ የካቲት 23 ቀን ሰጠመች። ጭነቷ 21,000 ቶን ያህል ማዳበሪያ ነበረ፤ ያውም ናይትሮጅን፥ ፎስፌትና ሰልፈር ያለበት፥ የኢትዮጵያ ገበሬ ኤን ፒ ኤስ ብሎ ከሚያውቀው ጋራ የሚቀራረብ ዓይነት። መርከቢቱ ወደ ኢትዮጵያ የምትመጣ አልነበረችም፤ ነገር ግን በዚያ ባሕር ለሚያልፍ ሁሉ ኢንሹራንሱ ከፍ አለ፥ ብዙዎቹም መርከቦች አፍሪካን ዞረው መሄድን መረጡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ በዶላር የሚገዛው ዕቃ ሁሉ በብር ሲታሰብ ከበደ።

ስለ ሩዝም ሳይነገር መታለፍ የለበትም፤ የደራ ሜዳ ለዚህ ጉዳይ የራሱ ታሪክ አለውና። ዛሬ በደራና በፎገራ የሚታወቀው ሩዝ በደርግ ዘመን የገባው በሰሜን ኮርያ ባለሞያዎች እጅ ነው፤ በደራ በጂግና፥ በፎገራም በሻጋ በነበሩት የገበሬዎች አምራች ማኅበራት ተሞከረ። ኤክስ ጂግና የተባለው ዘርም ስሙን ያገኘው ከዚያው ቦታ ነው። የመንግሥታት ወዳጅነት የወለደው ዘር ነው ማለት ይቻላል። ዘሩን ያመጣው አገር ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በጸጥታው ምክር ቤት ማዕቀብ ሥር ወደቀ፤ ዘሩ ግን በጉማራ ዳር ማፍራቱን አልተወም።

ሕንድ ሐምሌ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ባስማቲ ያልሆነው ነጭ ሩዝ ከአገሯ እንዳይወጣ ከለከለች፤ ክልከላውን ያነሣችው መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ይህ የጠብ ማዕቀብ አይደለም፤ ለራሷ ሕዝብ በማሰብ ያደረገችው ነው። ከውጭ ሩዝ ለሚገዙ አገሮች ግን ውጤቱ ያው ሆነ። ለደራና ለፎገራ ገበሬ እንዲህ ያለ ጊዜ የገበያ በር ሊሆን ይችል ነበር። ሩዙ ግን ዩሪያ ይፈልጋል፤ ዩሪያውም ከዚያው ከተዘጋጋው ባሕር ይመጣል።

እንግዲህ ባሕሩን ሊከፍት የሚችል የወረዳ ሹም የለም። በእጁ ያለው ጊዜው ነው። የየቀበሌው የማዳበሪያ ግምት ከገበሬው ተሰብስቦ ወደ ወረዳ፥ ወደ ዞን፥ ወደ ክልልና ወደ ሚኒስቴሩ የሚወጣው ከግዢው በፊት ነው፤ አንድ ወር የዘገየ ግምት ጨረታውን ያዘገየዋል፥ የዘገየም ጨረታ ባንኩ ለሚያደርገው ረዥም ምርመራ ጊዜ አያተርፍም። አንዳንድ ሹማምንት የሚጎድልብን እንዳይሆን በማለት ግምቱን ከፍ አድርገው ይጽፋሉ። ይህ ለወረዳው ጥቅም ይመስላል፤ ነገር ግን ምንዛሪ ባነሰበት ዓመት ሁሉም ወረዳ እንዲሁ ቢጽፍ፥ ቍጥሩ የማይታመን ስለሚሆን በእውነት የሚያስፈልገው ሰው ከማያስፈልገው ጋራ እኩል ይቈረጥበታል።

እንደዚሁም ዕቃው ተከፋፍሎ በሚመጣበት ዓመት የትኛው አስቀድሞ ይምጣ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ኤን ፒ ኤስ ከዘር ጋራ አብሮ ወደ መሬት የሚገባ ነው፤ ፎስፌቱ ቡቃያው ሥር በሚይዝበት ጊዜ ካልተገኘ በኋላ ቢመጣ ጥቅሙ እጅግ ያንሳል። ዩሪያ ግን ለበቆሎ ቁመቱ ጉልበት ሲደርስ፥ ለጤፍም ከበቀለ በኋላ የሚጨመር ስለ ሆነ ጥቂት ሳምንት ሊጠብቅ ይችላል። መኪና ባነሰ ጊዜ ዩሪያውን አስቀድሞ አንበሳሜ አራግፎ ኤን ፒ ኤስ ወደ ኋላ ማስቀረት፥ ሁለቱም በመጋዘን ሊገኙ ዘሩ ግን ያለ አንዱ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ይህ ስሕተት የሚደረገው በክፋት ሳይሆን ከረጢቱን በቍጥሩ ብቻ ከማየት የተነሣ ነው።

ከደጋው እስከ ሜዳው ላለው ባለይዞታ ደግሞ ከባሕር ማዶ የማይመጣ ነገር አለ። ፍግና ኮምፖስት ለማንም ባንክ አይቀርብም። በሩዙ ማሳ ላይ አጨዳው ካለቀ በኋላ በቀረው እርጥበት የሚዘራው ሽምብራና ጓያ ከአየሩ ናይትሮጅን ወስዶ ለመሬቱ ይተዋል፤ ጓያውን አብዝቶ መመገብ እግር የሚያሰናክል መሆኑ የታወቀ ስለ ሆነ ሽምብራው ይመረጣል። አፈሩ ኮምጣጣ በሆነበት ስፍራ ኖራ ሳይጨመር ማዳበሪያ ብቻ መጣል ከገንዘቡ ከፊሉን እንደ መቅበር ነው፤ ኮምጣጣ አፈር ፎስፌቱን ይዞ ለሰብሉ አይሰጥምና። ይህ ሁሉ የዩሪያን ቦታ ፈጽሞ ይተካል ማለት አይደለም። አንድ ኩንታል የጎደለበት ገበሬ ግን ግማሹን ጉዳት ብቻ ተጎድቶ ዓመቱን እንዲያልፍ ያደርገዋል።

ማዳበሪያን በአገር ውስጥ ለመሥራት የታሰበውም ዛሬ አይደለም። በያዩ ተጀምሮ የነበረው ፋብሪካ ሳይፈጸም ቀረ፤ በ2009 ዓ.ም. ከሞሮኮው ኦ ሲ ፒ ጋራ ለድሬዳዋ የተፈረመ ስምምነትም ነበረ። ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ኩባንያ በጎዴ የዩሪያ ፋብሪካ ለመሥራት ተፈራረሙ፤ ሥራው 2.5 ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ፥ በዓመትም እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ እንዲያወጣ የታሰበ፥ ጋዙንም ከካሉብና ከሂላላ የሚያገኝ ነው። ሲፈጸም ዩሪያው ባሕር ሳይሻገር ከኦጋዴን እስከ ጣና ዳር በምድር ይመጣል። ኤን ፒ ኤስ ግን የሚሠራው ከፎስፌት ደንጊያ ስለ ሆነ ጋዝ አይወልደውም፤ ያኛው ከረጢት ከዚያም በኋላ በመርከብ ተጭኖ በጅቡቲ በኩል ወደ አንበሳሜ መምጣቱ አይቀርም።